ረቂቁ አልቋል፤ ለማን ልስጠው?

«መጽሐፍ ጽፌ ጨርሻለሁ፤ የት ላሳትም?» የሚል ሰው በየጊዜው ይደውልልኛል። ብዙውን ጊዜ የሚጠብቀው አንድ ስም ነው። የማተሚያ ቤት ስም ብነግረው ነገ ጠዋት ፍላሹን ይዞ ይሄዳል። አልፈርድበትም፤ እኔም የመጀመሪያ መጽሐፌን ይዤ እንደዚያው ነበር የዞርኩት። ሦስት አራት ማተሚያ ቤት ዋጋ ጠየቅኩ፣ ረከስ ያለልኝ ዘንድ 1,000 ቅጂ አሳተምኩ፣ መጽሐፎቹ በሚኒባስ ተጭነው ቤቴ በር ላይ ሲወርዱ ግን ቆሜ ቀረሁ። አሁን ማን ነው የሚሸጠው? የተወሰኑት ካርቶኖች እስከ ዛሬ አልጋዬ ሥር ናቸው። እናቴ በመጣች ቁጥር «እነዚህን ነገሮች አሁንም አልወሰዱልህም?» ትለኛለች።

ስህተቴ አታሚንና አሳታሚን አንድ ማድረጌ ነበር። አታሚ የሰጣችሁትን ያትማል፣ ሒሳቡን ይቀበላል፣ በቃ። አሳታሚ ግን ገንዘቡን ያወጣል፣ ያሳትማል፣ ከዚያም መጽሐፉን አንባቢ እጅ ያደርሳል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ራሱ ከቁጥር 2672 ጀምሮ ስለ ማሳተም ውል ሲያወራ፣ አሳታሚ የሚለው የደራሲውን ሥራ አባዝቶ ለሕዝብ ለማሰራጨት ግዴታ የገባውን ነው። ማባዛቱ ብቻ አይበቃም፤ ማሰራጨትም አለበት። እስቲ መደርደሪያችሁ ላይ ያሉትን የአማርኛ መጻሕፍት አውርዳችሁ የመጀመሪያዎቹን ገጾች እዩ። ብዙዎቹ ላይ ከደራሲው ሌላ አሳታሚ አታገኙም። ያ ሰው ጽፎ፣ ከፍሎ፣ ተሸክሞ፣ ሸጦ ነው እናንተ ጋ ያደረሰው።

ስለዚህ ከእኔ የማተሚያ ቤት ስም አትጠብቁ። ያሉትን መንገዶች ጎን ለጎን አስቀምጣቸዋለሁ፤ ምርጫው እንደ ኪሳችሁና እንደ መጽሐፋችሁ ነው።

## በምን እንለካቸው?

አምስት ጥያቄ ይበቃናል።

- ገንዘቡን ቀድሞ የሚያወጣው ማን ነው? መጽሐፉ ባይሸጥ የሚከስረውም እሱ ነውና።
- መብቱ ማን ጋር ይቀራል? ለአንድ ዕትም ነው ወይስ ለሁልጊዜ? ትርጉሙስ፣ ትረካውስ፣ ፊልሙስ?
- አርትዖቱን ማን ይሠራል?
- መጽሐፉን መደብር ድረስ ማን ይወስደዋል? ገንዘቡንስ ማን ይሰበስባል?
- ከአንድ ቅጂ እጃችሁ የሚገባው ስንት ነው? መቼ?

አዲስ ደራሲ ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው ስለ መጀመሪያው ነው። እኔ ግን አራተኛው ይብሳል ባይ ነኝ። ገንዘብ እንደምንም ይገኛል፤ ዘመድ ያዋጣል፣ ዕቁብ ይወጣል። 1,000 መጽሐፍ በየመደብሩ አድርሶ፣ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ ሄዶ «ስንቱ ተሸጠ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን በቀላሉ አይገኝም።

## የትኛውንም ብትመርጡ ቀድሞ የሚያልቅ ሥራ

አንዳንዱ ጣጣ በሁሉም መንገድ ላይ አለ፤ እዚህ ጋ እንጨርሰው።

ጽሑፋችሁ በዩኒኮድ፣ ማለትም በየትኛውም ኮምፒውተር በአንድ ዓይነት በሚነበበው የፊደል ሥርዓት፣ የተተየበ ይሁን። የእኔ የተጻፈው በድሮ የኮምፒውተር ፊደል (ፎንት) ነበር። ዲዛይነሩ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ግማሹ ገጽ የላቲን ፊደልና የጥያቄ ምልክት ሆኖ ቁጭ አለ። ሲቀየር ደግሞ አንዳንድ ፊደል በሌላ ተተካ፤ እሱን ለማረም ሦስት ሳምንት ሄደ። ዛሬ በስልክም በኮምፒውተርም የሚተየበው ዩኒኮድ ስለሆነ አዲስ ጸሐፊ ይህ ችግር ላይገጥመው ይችላል። ከአሥር ዓመት በፊት የጀመራችሁት ረቂቅ ካለ ግን ዛሬውኑ ፈትሹት።

አርትዖት ሁለት ነው። አንዱ ታሪኩን፣ አወቃቀሩን፣ የሚያሰለቸውን ምዕራፍ የሚያይ ነው። ሌላው ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ የሚለቅም ነው። አማርኛ አስተማሪ የሆነ ጓደኛችሁ ሁለተኛውን ይሠራላችሁ ይሆናል። ለመጀመሪያው ግን የማያዝንላችሁ ሰው ፈልጉ። «በጣም ቆንጆ ነው» ብሎ የመለሰላችሁ ሰው ወይ አላነበበውም ወይ ይወዳችኋል።

«ፈቃድ ከየት ላውጣ?» የሚለኝም አለ። ድሮ ረቂቅ በሳንሱር በኩል ነበር የሚያልፈው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ከልክሏል። መጽሐፍ ለማሳተም የይዘት ፈቃድ የሚሰጣችሁ ቢሮ የለም። ሕግ የሚነካ ነገር ከጻፋችሁ ኃላፊነቱ ከታተመ በኋላ የእናንተ ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሃይማኖታዊ መጽሐፍ ከሆነ የሊቃውንት ጉባኤ ዕይታ አለ፤ እሱ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው።

የቅጂ መብትን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃውን የሚሰጣችሁ ሥራው በጽሑፍ ከሰፈረበት ጊዜ ጀምሮ ነው። መመዝገብ ግዴታ አይደለም። ቢሆንም የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ማስመዝገብ ነገ «የእኔ ነው» የሚል ሰው ቢመጣ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከዚያም ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ነው። እንግዲህ መብታችሁን በአንድ ፊርማ ስትሸጡ የልጆቻችሁንም እየሸጣችሁ ሊሆን ይችላል።

የመጽሐፉ መለያ ቁጥር፣ ማለትም አይኤስቢኤን፣ የሚገኘው ከኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ነው፤ ሰው አሁንም ወመዘክር የሚለው ቤት። በኢትዮጵያ የታተሙ መጻሕፍት ጀርባ ላይ የምታዩት፣ ብዙ ጊዜ በ978-99944 የሚጀምረው ቁጥር እሱ ነው። ጥቂት ቅጂ ለዚያው ቤት ማስገባትም አለ፤ መጽሐፋችሁ ታሪክ ውስጥ የሚቀመጥበት ቦታ ነውና አትሰስቱ።

## አንድ፦ ረቂቁን ለአሳታሚ መስጠት

ሁሉም የሚመኘው ይህንን ነው። ገንዘቡን እነሱ ያወጣሉ፣ እናንተ ትጽፋላችሁ። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ የሚባል የመንግሥት ድርጅት ነበር፤ ረቂቅ ይቀበላል፣ አርታኢዎች ነበሩት፣ ያሳትም ነበር። ዛሬ አሳታሚ ከሚባሉት ብዙዎቹ መጽሐፍ መደብርም አከፋፋይም ናቸው። ይህ ጥቅም አለው፤ መደርደሪያው የራሳቸው ነው። ጉዳቱም ከዚያው ይመጣል። ነጋዴ ስለሆኑ የሚያዩት የሚሸጠውን ነው፤ ስሙ ያልታወቀ ሰው ረቂቅ ደግሞ ከታወቀው ሰው በታች ይደረደራል።

እኛ ጋ እንደ ውጭው የደራሲ ወኪል ሆኖ ረቂቅ ይዞ የሚዞር ሰው አልተለመደም። ራሳችሁ ትሄዳላችሁ። ሁለተኛውን ረቂቄን ለአንድ አሳታሚ ሰጥቼ 14 ወር ጠብቄአለሁ። ስደውል «እያየነው ነው» ይሉኛል። በመጨረሻ በአካል ስሄድ ረቂቁ ጠፍቷል፤ ማን እንደተቀበለኝም የሚያስታውስ የለም። ጥፋቱ ግማሹ የእኔ ነው፤ ሳላስፈርም ነበር የሰጠሁት።

ስለዚህ ስትሄዱ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ደውላችሁ ምን ዓይነት መጽሐፍ እንደሚቀበሉ ጠይቁ፤ ልብ ወለድ ብቻ ለሚያሳትም ቤት የግጥም ረቂቅ ይዞ መሄድ ድካም ነው። አንድ ገጽ መግለጫ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች፣ ስለራሳችሁ አምስት መስመር ይዛችሁ ሂዱ። በመግለጫው ላይ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ንገሯቸው፤ አሳታሚን ማንጠልጠል አያዋጣም። ሙሉውን ሲጠይቁ ስጡ፤ ስትሰጡም የተቀበለው ሰው ስምና ቀን ያለበት ወረቀት አስፈርሙ። ሦስት ወር ጠብቁ። መልስ ከሌለ ወደ ሌላው ሂዱ፤ ቅር አይላቸውም፣ ብዙውን ጊዜ አያስታውሷችሁም።

ሲቀበሏችሁ ክፍያው ወይ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ነው፣ ወይ በመቶኛ፣ ወይ የተወሰነ ቅጂ። በመቶኛው በወረቀት ላይ ያምራል። ለስሌት ያህል መጽሐፉ 400 ብር ቢሸጥና 10 በመቶ ቢሰጧችሁ ከአንድ ቅጂ 40 ብር ነው፤ 2,000 ቅጂ ካለቀ 80,000 ብር። ጥያቄው 2,000 መታተሙን ማን ይቆጥራል? 5,000 ታትሞ 2,000 ሊባል ይችላል። ማተሚያ ቤቱ ለአሳታሚው የሚሰጠውን የርክክብ ሰነድ ለማየት መብት እንዳላችሁ ውሉ ላይ ካልገባ፣ ለአዲስ ደራሲ የአንድ ጊዜው ክፍያ ይሻላል ባይ ነኝ። ግን ለአንድ ዕትም ብቻ።

## ሁለት፦ በራስ ገንዘብ ማሳተም

የሚበዛው ሰው የሚሄድበት መንገድ ይህ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

መጀመሪያ ኦፍሴትና ዲጂታልን ለዩ። በኦፍሴት መጀመሪያ ፕሌት የሚባል የማተሚያ ቅርጽ ይሠራል፤ የፕሌቱ ወጪ 200 ቢታተምም 3,000 ቢታተምም ያው ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ሲጨምር የአንዱ ዋጋ ይወርዳል። ማተሚያ ቤቱ «3,000 ብታደርገው እኮ በጣም ይረክስልሃል» የሚላችሁ ለዚህ ነው። እውነቱን ነው። ግን የረከሰው መጽሐፍ ካልተሸጠ ምን ያደርግላችኋል? በዲጂታል፣ ማለትም ያለ ፕሌት በቀጥታ ከኮምፒውተር ሲታተም፣ የአንዱ ዋጋ ከፍ ይላል፤ ግን 50 ወይም 100 ማሳተም ይቻላል። የማያውቁትን ገበያ በ100 ቅጂ መሞከር ሞኝነት አይደለም።

ዋጋ ስትጠይቁ ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ አምጡ። ሦስቱም ላይ ዝርዝሩ አንድ ይሁን፦ የመጽሐፉ መጠን፣ የገጽ ብዛት፣ የውስጡ ወረቀት ስንት ግራም እንደሆነ፣ የሽፋኑ ወረቀት ስንት ግራም እንደሆነ፣ ሽፋኑ ላሚኔት ይደረጋል (በስስ ፕላስቲክ ይለበጣል) አይደረግም፣ ጥረዛው በሙጫ ነው በክር፣ ቫት ተጨምሯል አልተጨመረም። የመጨረሻዋን አትርሱ፤ 15 በመቶ ናት። አንዱ 60 ግራም ወረቀት፣ ሌላው 80 ግራም አስቦ ዋጋ ከሰጣችሁ ያወዳደራችሁት ሌላ ሌላ ነገር ነው። የገጹን ብዛት ደግሞ በ16 ለሚካፈል ቁጥር አስጠጉት፤ ትልቁ ወረቀት ታጥፎ የሚቆረጠው ብዙ ጊዜ በ16 ገጽ ስለሆነ፣ 209 ገጽ ያለው መጽሐፍ ከ208ቱ ይልቅ ወረቀት ያባክናል። አንዲት ገጽ መቀነስ አያቅታችሁም። ሁሉም ደራሲ የሚቀነስ ገጽ አለው።

ፕሮፎርማው የሚያገለግልበትን ቀንም እዩ። ወረቀት ከውጭ በዶላር የሚገባ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ መወሰን ከጀመረ በኋላ፣ የዛሬ ዓመት የሰማችሁትን ዋጋ ይዛችሁ ብትሄዱ ድንጋጤ ነው የሚጠብቃችሁ። ጓደኛዬ በሰኔ የተሰጠውን ዋጋ ይዞ በመስከረም ሄዶ ያለቀሰውን እኔ ነኝ የማውቀው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፤ የራሳችሁን ፕሮፎርማ አስገቡበት። 1,000 ቅጂ፣ አንዱ በ180 ብር ታተመ እንበል፤ 180,000 ብር። አርትዖት፣ የገጽ ቅንብርና ሽፋን 40,000። ድምሩ 220,000። የሽፋን ዋጋው 400 ብር ነው። አከፋፋዩና መደብሩ 40 በመቶ ከወሰዱ 160 ብር ሄደ፤ ለእናንተ 240 ቀረ። 220,000ን ለ240 አካፍሉት። ያወጣችሁትን ብቻ ለመመለስ 917 መጽሐፍ መሸጥ አለበት። ከ1,000ው! ለጋዜጠኛ፣ ለመምህር፣ ለአክስት የሚሰጠው 50 ቅጂ ሲቀነስ ትርፉ የምሳ ግብዣ ነው።

በመጽሐፉ ምረቃ ቀን 300 ቅጂ በራሳችሁ እጅ በሙሉ ዋጋ ከሸጣችሁ ግን 120,000 ብር በአንድ ቀን ገባ። ቀሪው 100,000 በ240 ሲካፈል 417 ቅጂ ነው። በጠቅላላው 717። ምረቃ ጉራ የሚመስለው ሰው ይህን ሒሳብ ይሥራ። የወመዘክር አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት ለምን እንደሚሞላ አሁን ይገባችኋል። የሥራ ባልደረባ፣ የዕድር ሰው፣ የድሮ የክፍል ጓደኛ፣ ሁሉም አንድ አንድ ቢይዝ ወረቀቱ ተከፈለ ማለት ነው። አንዳንዱ እንዲያውም ሳያሳትም በፊት በቴሌብር ቅድመ ክፍያ ይሰበስባል። ይህን ወድጄዋለሁ፤ ግን ቀን ቆርጣችሁ ከሰበሰባችሁ በቀኑ አድርሱ፤ የዘገየ መጽሐፍ ገንዘብ ከተቀበሉበት በኋላ ስም ያጠፋል።

ከምረቃው በኋላ ያለው ነው ከባዱ። አዲስ አበባ ያሉ መደብሮች መጽሐፉን የሚቀበሉት አብዛኛውን ጊዜ በአደራ ነው፤ ሲሸጥ ይከፍላሉ። ደረሰኝ ሳትይዙ አታስቀምጡ፤ ስንት ቅጂ፣ በስንት ብር፣ ማን ተቀበለ። አከፋፋይ ከያዛችሁ ደግሞ ክልል ይደርስ እንደሆነ ጠይቁት። ባህር ዳር፣ ደሴ ወይም ሀዋሳ ያለ አንባቢ «የት አገኘዋለሁ?» ብሎ ሲጽፍላችሁ መልስ ማጣት ያናድዳል። አዟሪዎቹን አትናቁ። አንድ አዟሪ መጽሐፋችሁን ከወደደው በካፌ በረንዳ ላይ ከማንም መደብር በላይ ይሸጥላችኋል፤ ሒሳቡንም ወዲያው ነው የሚሰጠው።

## ሦስት፦ «እናሳትምልዎት» የሚሉ ጥቅሎች

እዚህ ጋ ጠንቀቅ በሉ። አርትዖት፣ ሽፋን፣ ኅትመትና ምረቃ አንድ ላይ ጠቅልለው ለእናንተ የሚሸጡ አሉ። ይህ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ጊዜ ለሌለው ሰው አገልግሎት ነው። ችግሩ የሚመጣው እናንተ ሙሉውን ከፍላችሁ፣ እነሱ ደግሞ «አሳታሚ» ተብለው የሽያጩን ግማሽና መብቱን ጭምር ሲወስዱ ነው። የከፈለ ሰው ነው አሳታሚው። ሁለቱንም ከእናንተ ከወሰዱ እነሱ ያዋጡት ምንድን ነው?

የመመረቂያ ጽሑፋችሁን አይተን ተደንቀናል የሚል ኢሜይል ከውጭ የሚደርሳችሁም አላችሁ። ተደንቀው ሳይሆን የዩኒቨርሲቲውን ዝርዝር አግኝተው ነው። መጽሐፉ ይወጣል፤ ዋጋው ግን ማንም በማይገዛበት ልክ ይሰቀላል፤ ጽሑፉን ሌላ ቦታ የማሳተም ዕድላችሁም ይጠባል።

## አራት፦ ማኅበር፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ድርጅት

የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ማኅበር ነው፤ በተዘዋዋሪ ገንዘብ፣ ማለትም ከአንዱ ሽያጭ ተመልሶ ለሚቀጥለው በሚውል ገንዘብ፣ የአባላቱን መጻሕፍት ሲያሳትም ቆይቷል። ወረፋ አለው። ገንዘብ ባታገኙበት እንኳ ረቂቃችሁን አንብቦ ቁም ነገር የሚነግራችሁ ሰው የምታገኙት እዚያ ነውና ሂዱ። ጥናት፣ ታሪክ ወይም ቋንቋ ነክ ከሆነ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ አለ፤ ረቂቁ በባለሙያ ተገምግሞ ነው የሚያልፈው፤ ይዘገያል፤ ሲወጣ ግን ክብደት አለው። ለልጆች የሚጽፍ ደግሞ እንደ ኮድ ኢትዮጵያ ያሉ ድርጅቶችን ይጠይቅ። የልጆች መጽሐፍ ባለ ሙሉ ቀለም ስለሆነ በራስ ኪስ ከባድ ነው።

## አምስት፦ አማዞንና ውጭ አገር

ዋሽንግተን ወይም ሎስ አንጀለስ፣ ቴል አቪቭ ወይም ፍራንክፈርት ያለ ጸሐፊ 1,000 ቅጂ አሳትሞ ጋራዥ መሙላት የለበትም። ኬዲፒ የሚባለው የአማዞን ራስን ማሳተሚያ አገልግሎት አንባቢ ሲያዝ አንድ ቅጂ ያትማል፤ ቅድመ ክፍያ የለም። ለምሳሌ መደበኛ መጠን ያለው፣ ውስጡ ጥቁርና ነጭ የሆነ 200 ገጽ መጽሐፍ በአሜሪካ የማተሚያ ወጪው 3 ዶላር ከ40 ሳንቲም ገደማ ነው። በ12 ዶላር ብትሸጡት 60 በመቶው 7 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይሆናል፤ የኅትመቱ ሲቀነስ 3 ዶላር ከ80 ሳንቲም ይቀርላችኋል። በብር ስታስቡት አገር ቤት ከአንድ ቅጂ ከሚገኘው ይበልጣል።

ግን ሁለት እንቅፋት አለ። አንደኛ፣ አማርኛ ኬዲፒ በይፋ ከሚደግፋቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ የለም። የአማርኛ መጻሕፍት እዚያ ሲሸጡ አያለሁ፤ ቢሆንም ፋይሉ ሊመለስባችሁ፣ ከወጣ በኋላም ሊነሳ ይችላል። በተለይ በስልክ የሚነበበው ቅጂ ላይ ብዙ ተስፋ አታድርጉ። የታተመውን ስትሞክሩ ፊደሉ (ፎንቱ) በፒዲኤፉ ውስጥ መካተቱን አረጋግጡ፤ ካልሆነ ባዶ ሳጥን ነው የሚታተመው። ሁለተኛ፣ ነዋሪነታችሁ ኢትዮጵያ ከሆነ በአሜሪካ ከሚሸጠው የሚመጣው ክፍያ ላይ 30 በመቶ ግብር ይቀነሳል፤ ሁለቱ አገሮች ይህን የሚያስቀር የግብር ስምምነት የላቸውም። ክፍያውን የምትቀበሉበት የባንክ ሒሳብም ሌላ ጣጣ ነው። ስለዚህ ይህ መንገድ ከሁሉም በላይ የሚመቸው እዚያው ለሚኖር ሰው ነው። አገር ቤት ያለ ደራሲ መጽሐፍ ዛሬም ወደ ውጭ የሚሻገረው በሻንጣ ነው፤ ከበርበሬና ከሽሮ ጋር።

## ስድስት፦ ዲጂታልና ትረካ

አጭር ነው የማወራው። ፒዲኤፍ በቴሌግራም የሸጠ ሰው የመጀመሪያዎቹን 20 ገዢዎች ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ መጽሐፉ በነፃ ሲዞር ያየዋል። ትረካ ግን ሌላ ነገር ነው። እኛ በሬዲዮ ትረካ ያደግን ሕዝብ ነን፤ እንደ ተራኪ ያሉ መተግበሪያዎችም መጥተዋል። መጽሐፋችሁ ንግግር የበዛበት ልብ ወለድ ከሆነ የትረካ መብቱን ለይታችሁ ያዙት፤ ከወረቀቱ ጋር ደርባችሁ አትስጡ።

## ሁሉም በአንድ ሰንጠረዥ

| መንገድ | ቀድሞ የሚከፍለው | መብቱ | ሥርጭቱ | ጊዜው | የሚያሰጋው |
|---|---|---|---|---|---|
| አሳታሚ | አሳታሚው | እንደ ውሉ | ጥሩ | ረጅም፣ መልስም ላይኖር ይችላል | የቅጂ ቁጥር፣ መብት መሸጥ |
| በራስ፣ ኦፍሴት | እናንተ | የእናንተ | በራሳችሁ ጉልበት | ወራት | አልጋ ሥር የሚቀር ካርቶን |
| በራስ፣ ዲጂታል 50–200 | እናንተ፣ በጥቂቱ | የእናንተ | በእጅ | ሳምንታት | የአንዱ ዋጋ መወደድ |
| ጥቅል | እናንተ፣ በብዙ | ውሉን አንብቡ | በተስፋ | ፈጣን | ሁለት ጊዜ መክፈል |
| ማኅበር፣ ዩኒቨርሲቲ | ተቋሙ | እንደ ውሉ | መካከለኛ | በጣም ረጅም | ወረፋ |
| አማዞን | ማንም፣ ሲታዘዝ ይታተማል | የእናንተ | ውጭ አገር ብቻ | ፈጣን | የቋንቋ ድጋፍ፣ ግብር |
| ትረካ፣ ዲጂታል | ጥቂት ወጪ | ለይታችሁ ያዙ | በስልክ | ፈጣን | በነፃ መዞር |

## እናንተስ የትኛው ናችሁ?

ገንዘብ የለኝም፣ ጊዜ ግን አለኝ ለምትሉ፦ አሳታሚና ማኅበሩን ጎን ለጎን ሞክሩ። እስከዚያው አጫጭር ሥራዎቻችሁን በመጽሔትና በማኅበራዊ ሚዲያ አውጡ። አሳታሚ «ማን ያውቅሃል?» ሲላችሁ የምታሳዩት ነገር ይኖራችኋል።

ከላይ ካሰላነው 220,000 ሩቡን ብቻ የያዘ ሰው ወደ ኦፍሴት አይጠጋ። ለጥሩ አርታኢ ይክፈል፣ በቀረው 100 ቅጂ በዲጂታል ያሳትም፣ ሲያልቅ ይድገም። ተበድራችሁ 3,000 ለማሳተም ካሰባችሁ ደግሞ ደውሉልኝ፤ ካርቶኖቼን አሳያችኋለሁ።

ገጣሚ ከሆናችሁ መደብር ላይ አትመኩ። የግጥም መጽሐፍ የሚሸጠው ከመድረክ ሥር ነው። እንደ ጦቢያ ግጥም በጃዝ ያለ ምሽት ላይ አንብቦ የወረደ ገጣሚ በር ላይ የሚሸጠውን መደብር በዓመት አይሸጥለትም። ስለዚህ ትንሽ ቁጥር፣ ቀጭን መጽሐፍ፣ ራሳችሁ ተሸክማችሁ።

ሥራ የሚበዛበትና ገንዘብ ያለው ሰው፣ በተለይ የሕይወት ታሪኩን የጻፈ ጡረተኛ፣ ጥቅሉን ቢወስድ አልቃወምም። ብቻ መብቱንና ያልተሸጠውን ቅጂ በእጁ ያድርግ። ውጭ ላላችሁ ደግሞ ሁለቱን ማጣመር ያዋጣል፦ ለእዚያው አማዞን፣ ለአገር ቤት አንድ አከፋፋይ በአንድ ዕትም ውል።

## ከመፈረማችሁ በፊት

መብት ማስተላለፍ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በቡና ላይ የተባለ ነገር አይቆጠርም። ውሉ ላይ እነዚህን ፈልጉ፦ ለስንተኛ ዕትም፣ ስንት ቅጂ፣ በየትኛው ቋንቋ፣ ትረካና ፊልም ተካቷል አልተካተተም፣ በስንት ወር ውስጥ ካልታተመ መብቱ ወደ እናንተ እንደሚመለስ፣ ክፍያው በየስንት ጊዜው እንደሚሰላ። «ማንኛውንም መብት ለዘላለም» የሚል ሐረግ ካገኛችሁ እስክሪብቶውን አስቀምጡ።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አይጠይቅም፤ ዕትሙ ሳያልቅ ውሉ ቢያልቅ የቀሩት መጻሕፍት የማን ናቸው? እኔ ሦስተኛ መጽሐፌ ላይ «በማተሚያ ዋጋ ደራሲው ቀድሞ የመግዛት መብት አለው» የሚል መስመር አስጨመርኩ። አሳታሚው ሳቀ፤ ከዚያ ፈረመ።